ቀድሞ የሚያነብልን ሰው

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አስገርመውኛል። ባለፈው እትም «የማንም ተቀጣሪ ሳልሆን ከሃያ ዓመት በላይ ለመጽሔትና ለጋዜጣ ስጽፍ ኖሬያለሁ» ብዬ በአንድ መስመር ጠቅሼ ነበር። እሷን መስመር ይዛችሁ ነው የጠየቃችሁኝ። ስለ ክፍያ፣ ስለ ቴሌግራም፣ ስለ ወረቀት ዋጋ፣ ስለ ድሮ መጽሔቶች። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አራቱን መርጫለሁ። ስማችሁን ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌአለሁ።

ከስድስት ኪሎ

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ እለጥፋለሁ፤ ሦስት ሺህ ገደማ ተከታይ አለኝ። በቅርቡ አንድ መጽሔት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ክፍያ ግን የለውም። ‹ስምሽ ይታወቅልሻል› ነው ያሉኝ። ቻናሌ ላይ ብለጥፈው በአንድ ቀን ሺህ ሰው ያየዋል። ታዲያ ለመጽሔት መጻፍ ምን ያደርግልኛል? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከገንዘቡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ይሄን ማንሳት ያፍራልና።

በነፃ አትጻፊ። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ሳይቀበል ፕሌት፣ ማለትም ገጹ የሚታተምበትን ሳህን፣ አያወጣም። ወረቀት ሻጩ በዱቤ አይሰጥም። ዲዛይነሩ ይከፈለዋል፣ አዟሪው ከየኮፒው ድርሻውን ይወስዳል። ታዲያ ጸሐፊው ብቻ ስም ይበቃዋል የሚባለው ለምንድን ነው? ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም። እኔ በጀማሪነቴ ለአንድ መጽሔት ስድስት ወር ጻፍኩ። በየወሩ «የማስታወቂያ ገንዘብ ሲገባልን» እባላለሁ። በሰባተኛው ወር ቢሮው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው «ለቀው ሄዱ» አለኝ። ብሩ ዛሬ ሲያስቡት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከመጻፌ በፊት ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ የሚከፍለኝስ ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺም በቴክስት ጠይቂያቸው፣ መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ። በዚህ የሚቀየምሽ አዘጋጅ ካለ ገና ከመጀመሪያው ብታውቂው ይሻላል።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን መጽሔት ለእኔ የሰጠኝን ነገር ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራዮች ነበር። አንቺ አልደረስሽበት ይሆናል። ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቁ አዟሪዎቹ ጋዜጣና መጽሔት መሬት ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሰው ሳንቲም ከፍሎ ይከራያል፣ ድንጋይ ላይ ወይም አጥር ጥግ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። ግማሹ የሥራ ማስታወቂያ የሚፈልግ ነው። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቆሜ አየሁና ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ድህነት ሰውን ጋዜጣ ተከራይ አደረገው የሚል ነገር። በጣም ያማረ መስሎኝ ነበር።

አዘጋጁ አነበበው። ሲጨርስ «ማንን ጠየቅህ?» አለኝ። ማንንም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን መለሰልኝና «ሂድና ጠይቅ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ተናድጄ ነው የሄድኩት። ድንጋይ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ አጠገብ ተቀምጬ ወሬ ጀመርኩ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ደመወዝ አለው፣ አንድ ጋዜጣ መግዛት አያቅተውም። «በአንዱ ዋጋ አምስቱን አነባለሁ» አለኝ። «አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል። አምስቱን ካላየሁ ምን እንደተደበቀ በምን አውቃለሁ?»

እስቲ አስቢው። እኔ ድሃ ብዬ ያለፍኩት ሰው ከእኔ የበለጠ አንባቢ ነበር። ያ አዘጋጅ ባይኖር ጽሑፉ እንዳለ ይወጣ ነበር፣ ሰውም ከንፈሩን መጦ ያልፍ ነበር። ዛሬ ብለጥፈው ደግሞ ሺህ ላይክ ባገኘሁበት ነበር፣ ሰውየውን አንድም ቃል ሳላናግረው።

ሚዲያው ሲቀየር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ ቢቀር እችለዋለሁ። እየጠፋብን ያለው ግን ከአንባቢ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያነብልን፣ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» የሚለን ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ አንዴ ከላክሽው አለቀ። ስህተትሽን የሚነግርሽ ሰው የሚመጣው ሺህ ሰው ካነበበው በኋላ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ እየተሳደበ።

ስለዚህ መጽሔቶቹን ከክፍያው ቀጥሎ ይሄን ጠይቂያቸው፦ ጽሑፌን ማን ነው የሚያነበው? አስተካክዪው ብሎ ይመልስልኛል ወይ? ሳይነኩ የሚያትሙት ከሆነ፣ ክፍያም ከሌለው፣ ቻናልሽ ይሻልሻል። በደንብ የሚያነብ አዘጋጅ ካላቸው ግን ትንሽም ቢሆን ከከፈሉሽ ጻፊላቸው። ትንሽ አልኩ እንጂ ባዶ አላልኩም። ለቻናልሽም ቢሆን አንድ ሰው ፈልጊ። አብራሽ የተመረቀች፣ የምታምኛት፣ ፊትሽን አይታ የማትዋሽ ልጅ አታጪም። አንቺ የሷን አንብቢላት፣ እሷ ያንቺን ታንብብልሽ። ማታ የጻፍሽውንም ጠዋት አይተሽ ላኪው። ደግሞ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ በእጃችን ነው። ሦስት ሺህ ሰው ከሚከተልሽ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢልክልሽ ብዙ መጽሔት ከሚከፍለው ይበልጣል። መጠየቅ አትፈሪ።

ከሜክሲኮ

«ወንድም፣ አምድህን እወደዋለሁ፤ ግን ይረዝማል። ዘመኑ የቲክቶክ ነው። ሰው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንኳ አይጨርስም። ለምን አታሳጥረውም?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅኩት አልነግርህም። በመጨረሻ መልሱን ያገኘሁት ባቡር ላይ ነው።

ቀላል ባቡሩ ሲሞላ ታውቃለህ፣ ሳትፈልግም የጎረቤትህን ስልክ ታያለህ። አንዲት ልጅ አጠገቤ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛለች፣ በሌላው ስልኳን። ቲክቶክ መስሎኝ ነበር። ጽሑፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ። ላዩ ላይ «ክፍል 63» ይላል። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ እየተቆራረጠ የሚወጣ የፍቅር ታሪክ። 62 ክፍል ጨርሳ 63ኛው ላይ ደርሳለች! ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ መመልከት ጀመርኩ፤ በየባቡሩና በየታክሲ ሰልፉ እንዲህ የሚያነብ አላጣም። ሬዲዮም ላይ እንደዚያው ነው። ሸገር 102.1 ላይ ትረካ ሲተላለፍ ሾፌሮች መዳረሻቸው ደርሰው እንኳ ሳይወርዱ የሚያዳምጡ አሉ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ተከፍቶ እስካሁን ቅዳሜ ጠዋት አርፍደህ ከሄድክ ወንበር ፍለጋ ትዞራለህ። አብዛኛው ለፈተና የሚያጠና ነው፣ እሺ። ግን ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚችል ትውልድ ነው።

ሰው የሚሰለቸው ርዝመት አይደለም። የሚሰለቸው መንዛዛት ነው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለቀውን ነገር አምስት ገጽ ስትጎትትበት ነው። እሱን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮም ማድረግ ይቻላል፣ የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው።

ቲክቶክን አልንቅም፣ አንተም እንዲህ እንዳይመስልህ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አክስቱን ወይም የሰፈሩን እብድ በድምፅና በፊቱ አስመስሎ የሚያሳየኝን ልጅ እኔ በሁለት ገጽ አልደርስበትም። የማልወደው ሌላ ነገር ነው። ያ በቀይ ፊደል «ሰበር» ብሎ ጀምሮ ውስጡ ምንም የሌለው ነገር። መጽሔት ይሄን ቢያደርግ በሳምንቱ አዟሪው ይነግረን ነበር። «ያ ሰውዬ መጥቶ ርዕሱ ሌላ ውስጡ ሌላ ነው ብሎ ጮኸብኝ» ይለናል። ገዢው አዟሪውን ያውቀዋል፣ አዟሪው እኛን ያውቀናል፤ አንዴ ካታለልከው በሚቀጥለው አይገዛህም፣ ያልተሸጠው ኮፒም ታስሮ ቢሮህ ይመለስልሃል። ተመላሽ ኮፒ ጥግ ላይ ተከምሮ ማየት ምን እንደሚመስል በመጽሔት ቤት የሠራ ያውቀዋል። ዩቲዩብ ላይ ግን የተታለለውም ሰው ተቆጥሯል። ከፍቶታላ!

እና አምዴን አላሳጥረውም። የሚጎተት ቦታ ካየህ ግን መስመሩን ጠቅሰህ ጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ።

ከአራት ኪሎ

«መጽሔት ላይ ያወጣሁትን ጽሑፍ አንድ ሰው ቃል በቃል ዩቲዩብ ላይ አነበበው። ስሜን አልጠራም። ብዙ ሰው አይቶታል። ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል፣ ንዴቱን አውቀዋለሁ። በአጭሩ ልመልስልህ።

ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። መብቱ ያንተ የሚሆነው ጽሑፉን ከጻፍክበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ የግድ ማስመዝገብ የለብህም። በሕይወት እስካለህ ያንተ ነው፣ ካለፍክ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾችህ ነው። መጀመሪያ ግን ማስረጃህን ያዝ። መጽሔቱን ከነቀኑ አስቀምጥ፣ ቪዲዮውን ከነተመልካች ቁጥሩ ስክሪንሾት አድርግ፤ ከጻፍክለት በኋላ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ በጨዋ ቋንቋ ጻፍለት። እኔ ስጽፍ ልጁ ይቅርታ ጠይቆኝ ስሜን አስገባ፤ ጥፋት መሆኑን ጭራሽ አያውቅም ነበር። እምቢ ካለህ ለራሱ ለዩቲዩብ አመልክት፣ የቅጂ መብት ቅሬታ የሚቀበልበት ፎርም አለው። በዚህ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ስለሚችል ቀልድ አይደለም፣ ባለቤቶቹም ይሄን ያውቃሉ። ለመጽሔቱም ንገር፤ ከነሱ ጋር የተዋዋልከው ወረቀት ካለ መብቱ የማን ነው እንደሚል አንብበው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ላንተ ሳይሆን ለሌሎቻችን። የመጽሔት ፒዲኤፍ በቴሌግራም የምንቀባበል ሰዎች ያው ያንን እያደረግን ነው። ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቴሌግራም ላይ የገባ እትም አጋጥሞኛል፤ ስልኬ ላይ ቀድሞ ደረሰኝ። ያን ወር የጻፉ ሰዎች ክፍያቸው ስንት ወር እንደዘገየ አውቃለሁ።

ከፒያሳ፣ አሁን ከከተማው ዳር

«ልጄ፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው፣ በ2016 ቤታችን ሲፈርስ ነው የወጣሁት። አራዳ ጊዮርጊስ ጋ የሚቆም አንድ አዟሪ ነበረኝ፣ አዲስ መጽሔት ሲወጣ ደብቆ ያቆይልኝ ነበር። አሁን አዟሪም የለ፣ መጽሔትም የለ፣ ያለውም ዋጋው አይቀመስም። ምን ሆኖ ነው? ሌላው ጥያቄዬ፣ ሁለት ካርቶን የድሮ መጽሔት አለኝ፣ መነንም አለ፣ የካቲትም አለ። ልጆቼ ቦታ ያዘብን፣ ይጣል እያሉኝ ነው። ምን ላድርገው?»

አባቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። እባክዎ አይጣሉት። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ቀለሙም፣ ፕሌቱም እንደዚያው። ሁሉም ዶላር ይፈልጋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። የወረቀቱን ሒሳብ ከዚህ ይገምቱት። ሌላም አለ። ፕሌት ለአንድ ሺህ ኮፒም ለአሥር ሺህ ኮፒም ያው ነው የሚወጣው። አሥር ሺህ ሲታተም የፕሌቱ ወጪ ለአሥር ሺህ ይካፈላል፣ አንድ ሺህ ሲታተም ግን ያን ሁሉ አንድ ሺው ኮፒ ይሸከመዋል። ስለዚህ አንባቢ ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራል፣ ዋጋ ሲጨምር አንባቢ ይቀንሳል። ማስታወቂያ አስነጋሪውም ወደ ፌስቡክና ወደ ቲክቶክ ሄደ፤ ድሮ የኋላ ሽፋኑን የሚገዛው ነጋዴ ዛሬ ለአንድ ታዋቂ ልጅ ከፍሎ ዕቃውን በቪዲዮ ያስተዋውቃል።

ግን ሁሉን በዋጋ ብቻ ካየሁት እውነቱን አጎድላለሁ። በ1985 የግል ፕሬስን የፈቀደው አዋጅ 34 ሲወጣ የነበረውን ግርግር እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱታል፤ አዟሪ እጁ አልበቃ ብሎት በትከሻው ይሸከም ነበር። ከዚያ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ስንቱ ጋዜጣ ተዘጋ። በ2006 ማብቂያ ደግሞ በአምስት መጽሔቶችና በአንድ ጋዜጣ ላይ ባንድ ጊዜ ክስ ሲመሠረት ስንት ጸሐፊ አገር ጥሎ ሄደ። በ2010 ከ260 በላይ ታግደው የነበሩ ድረ ገጾችና ብሎጎች ሲከፈቱ ሁላችንም ደስ አለን፤ ያኔ ግን አንባቢው ስልኩ ውስጥ ገብቶ ነበር። መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው በየአሥር ዓመቱ ከዜሮ ሲጀምር አንባቢው ልማዱን ያጣል። እንደ እርስዎ አዟሪ ደብቆ የሚያቆይለት ደንበኛ በአንድ ቀን አይሠራም። ኮሮና በ2012 ሲመጣ ደግሞ ያ ጋዜጣ እየተቀባበሉ ማንበብ እንኳ አስፈሪ ሆነ፤ ከዚያ መንገዶቹ ፈርሰው ሲሠሩ አዟሪዎቹ የሚቆሙበት ጥግ አብሮ ሄደ። የእርስዎ አዟሪ የት እንደገባ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔም ጠፍቶብኛል።

አሁን ካርቶኖቹ። በአጤ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የሚባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚባዛው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ተቋቋመ፤ አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ወጣ። እነዚህን ዓመቶች ማንም ይነግረናል። በአንድ ተራ ወር ውስጥ የአዲስ አበባ ሰው ምን ያወራ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ጫማ ይተዋወቅ እንደነበር፣ አንባቢ ተናዶ ምን ብሎ እንደጻፈ ግን ያለው እርስዎ ካርቶን ውስጥ ነው። የመነን መጽሔትን በአንድ ወቅት በዓሉ ግርማ ነው ያዘጋጀው። መነኖቹን ሲያነሱ አዘጋጁ ማን እንደሆነ የተጻፈበትን ቦታ ይፈልጉልኝ። ስሙ ካለ፣ ያንን እትም ከእርስዎ በፊት ያነበበው ሰው እሱ ነው፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን መስመር።

ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ገነተ ልዑል በነበረው ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ከ1955 ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ይሰበስባል። ሌላው ወመዘክር ነው፣ ከ1936 ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። ከመሄድዎ በፊት የትኛው ወርና ዓመት እንዳለዎት በወረቀት ዘርዝረው ይዘው ይሂዱ፤ የጎደላቸውን ያዩበታል። የተቀደደ ገጽ ካለ በፕላስተር አይለጥፉት፣ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል፤ እንዲያው ይተዉት። ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርገው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። ሲያስረክቡም ፊርማ ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ።

መሸከሙ ከከበደዎት በመጽሔቱ ስልክ ይደውሉና መልዕክት ይተዉልኝ። ሰኞ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። ግን እሑድን አንድ ላይ እንዋል፤ ካስረከብናቸው በኋላ ቤት ይዘን መምጣት አንችልም፣ መነኖቹን እርስዎ ጋ ቁጭ ብለን እናንብባቸውና ሰኞ እንውሰዳቸው።